አገር አልባው ፉርጎ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ባጃጆቹ ጥላ ሥር ይደረደራሉ፣ ከተማው በጠቅላላ ጋደም ይላል። ፊራኦል መገርሳም ከዚራ ሰፈር ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቁን ቆልፎ ይገባና፣ በኋላ ክፍል ፍራሽ ላይ ክርኑን መከዳ አስደግፎ የጫቱን እሽግ ይፈታል። የመጀመሪያዎቹን ቀንበጦች ጉንጩ ሥር ካኖረ በኋላ ጅቡቲን ይጠራል።

"ሮብሌ፣ አለህ?"

"አለሁ አቦ፤ የት እሄዳለሁ?"

ሮብሌ ቡህ ጅቡቲ ወደብ ላይ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ እንደ ፊራኦል ሁሉ ስልሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። እሱም በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ከአወዳይ ገበያ የተጫነ ጫት ይዞ በድምፅ ብቻ ይጠብቀዋል። ሁለቱ የሚያወሩት ፖለቲካ ነው። የገዛ አገራቸውን አይደለም፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። የዓለምን ነው።

"የፖርቱጋሎቹን ሰማህ?" አለ ፊራኦል የዚያን ቀን። "የፓርላማ ወንበር በዕጣ ሊያድሉ ነው። እኔ ደግፌያለሁ። የተመረጠ ሰው ሌብነቱን ተምሮ ነው የሚመጣው፤ በዕጣ የወጣው ግን እስኪማር ድረስ ትንሽ ያሳርፈናል።"

"ልክ ነህ።"

"ዕጣው ለእብድ ቢወጣስ?"

"እሱም አለ። ልክ ነህ።"

"ታዲያ በየትኛው ነው ልክ የሆንኩት?"

"በሁለቱም" አለ ሮብሌ፣ በዚያ በሚታወቅ ሻካራ ድምፁ።

ፊራኦል የያዘውን ቀንበጥ አስቀመጠና ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

አስማሚ ከመጣች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ያኔ ሰዎች በማያውቁት አገር ምርጫ ወንድም ከወንድም የሚካካድበት፣ አንድ ሥራ ፈት ተቀምጦ በጻፈው ስድብ ድንበር የሚዘጋበት ዘመን ነበርና መንግሥታቱ ተሰብስበው ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ የሁለት አገር ሰዎች ስለ መንግሥት ጉዳይ ሲያወሩ፣ የአንዱ ቃል ለሌላው የሚደርሰው ሰሚው ሊሸከመው በሚችለው ልክ ለስልሶ ነው። ከጆሮ ኋላ የተተከለችው፣ ስንዴ የምታህለው ነገር የተናጋሪውን ቃል ትውጥና የራሷን ታሰማለች። ድምፁ ያው የወዳጅህ ድምፅ ነው፤ ሳሉም ያው ሳሉ ነው። የቱን ቃል እንደነካች አትነግርህም፤ ብትነግርማ ምን ዋጋ አላት! ስለ ሙቀት፣ ስለ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ከሆነ ግን እጇን አታስገባም። በየጣቢያውና በየኬላው "እሺ ይበልጣል ከሺ" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰዉም ለመደው። ዛሬ ከድንበር ማዶ ካለ ሰው ጋር ተጣልቶ የሚያውቅ ወጣት የለም፤ ይህንንም በየዓመቱ በዜና እንደ ትልቅ ነገር ይነግሩናል። ትልቅ ነገርም ነው፤ ማን ይክደዋል?

የፊራኦል ችግር የድሮውን ሮብሌን ማወቁ ነበር። የጅቡቲ ፀሐይ ሰው በምትጠብስበት ወራት የሮብሌ ቤተሰብ እየመጣ በፊራኦል አባት ግቢ ቤት ይከራይ ነበር። ሮብሌ አማርኛ የተማረው በዚያ ግቢ ነው፤ የተማረውም በጠብ ነው። በልጅነታቸው በኳስ ተጣሉ፣ ሲጎረምሱ በዘፋኝ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዜና። ሮብሌ ሌላው ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ "ውሸት!" ብሎ የሚነሳ ሰው ነበር። ፊራኦል እጁ ልብስ እየሰፋ ልቡ ከሮብሌ ጋር ይሟገታል። "ይህን ብለው እንዲህ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ በዚህ እይዘዋለሁ" እያለ ብቻውን ሲስቅ ደንበኞቹ ይሰሙት ነበር። ያ ሙግት ነበር ጠዋት ከአልጋው የሚያነሳው።

የመጨረሻው ጠባቸው በኖርዌይ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ዘውዳቸውን ይተዉ ወይስ አይተዉ በሚል። ከሁለቱ አንዱም ኖርዌይን በካርታ ላይ ቶሎ አያገኛትም። ሮብሌ "ይተዉ" አለ፣ ፊራኦል "አይተዉም" አለ፣ ቃል ቃልን ወለደና ፊራኦል ጥሪውን ዘግቶ ክረምቱን ሙሉ ሳያነጋግረው ከረመ። መስከረም ላይ ታረቁ። አስማሚም ሥራ የጀመረችው በዚያው መስከረም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሮብሌ አንድም ቀን "ውሸት!" ብሎ አያውቅም።

ፊራኦል ያልሞከረው የለም። አንድ ቀን "ጨረቃ እኮ የስዊዘርላንድ ግዛት ናት" አለው። "እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ" አለ ሮብሌ። ሌላ ቀን ሰደበው። "አንተ እንኳን የዓለምን ፖለቲካ የጫማህን ማሰሪያ አታውቅም" አለው። "ምን ታደርገዋለህ፣ እርጅና ነው" አለ ሮብሌ በትሕትና። ፊራኦል እርር ድብን አለ። በዚያኛው ጫፍ ሮብሌ እየጮኸ፣ እየተራገመ፣ "ውሸት!" እያለ እንደሆነ፣ እዚህ ግን "ልክ ነህ" ብቻ እንደሚደርሰው ቅንጣት አልተጠራጠረም። ይቺ ስንዴ ወዳጄን በላችው አለ። ናፈቀው። በየቀኑ የሚያወሩትን ሰው መናፈቅ ደግሞ ለማን ይነገራል?

ለሚስቱ ለረድኤት ነገራት።

"የሚስማማህ ሰው ማግኘትህ ነው የከፋህ?" አለችው ሽንኩርት እየላጠች። "እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ስቃወምህ ምነው አልጣፈጠህ?"

"አንቺ የምትቃወሚኝ ስለ መጋረጃ ነው።"

"መጋረጃ ፖለቲካ አይደለም ያለህ ማን ነው?" ብላ ሳቀችና ፊቱን ስታይ ሳቋን ተወችው። "ከምትንገበገብ ለምን ሰው ሁሉ እንደሚሄደው ፉርጎው ላይ አትገናኙም?"

ፉርጎው የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። ከድሬዳዋ የተነሳው ባቡር ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ሲደርስ፣ የኢትዮጵያው ሎኮሞቲቭ ይፈታና የጅቡቲው ይገጠማል። አስማሚ ደግሞ የምትታዘዘው ለአገር ነው፤ ተሳፋሪው በማን አገር እንዳለ የምታውቀው ፉርጎውን ከሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ነው። ስምምነቱን የጻፉት ሊቃውንት ሁሉን ሲያስቡ ይህቺን ዘነጉ፤ አንዱ ተፈትቶ ሌላው እስኪገጠም ድረስ ፉርጎው አገር የለውም። በዚያች መሀል አስማሚ ጸጥ ትላለች። ይህን መጀመሪያ ማን እንደደረሰበት አይታወቅም። ዛሬ ግን ያላወቀ የለም፤ መንግሥታቱም አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጡት በባቡሩ ይመጣሉ፣ ከጅቡቲ በኩል የሚመጡት ቀድመው ደርሰው ጣቢያው ላይ ጠብቀው ፉርጎው ላይ ይወጣሉ፤ የሁሉም ጉዳይ አንድ ነው፤ ሊከራከሩ ነው።

ፊራኦል ግብዣውን በግልጽ ቢናገር አስማሚ ትቀይርብኛለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ በማትነካው ነገር አሳበበ።

"ሮብሌ፣ ጉልበቴን ክፉኛ አሞኛል" አለው። "ጨርሶ ሳልቀር አንዴ ልይህ። ደወሌ ድረስ ና።"



"በየትኛው ባቡር ትመጣለህ?" አለ ሮብሌ።

ፊራኦል እስከ ቀኑ ድረስ እንደ ሙሽራ ሲሰናዳ ከረመ። ለራሱ ግራጫ ኮት ሰፋ። ከዜናው ሁሉ ሮብሌን የሚያስጮኸውን ሲያማርጥ ቆይቶ የፔሩን መረጠ፤ ፔሩ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፈውን ሰው ከመምረጥ ልትከለክል ነበር። ፊራኦል ነገሩን ሲሰማ ደሙ ፈልቷል። ግን ለሮብሌ "ደግፌያለሁ" ሊለው ወሰነ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሽማግሌ እንደሌለ ያውቃል።

የደወሌ ጣቢያ ሙቀት የምድጃ አፍ ነው። ሮብሌ ከጥላው ሥር ቆሞ ነበር፤ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጢሙን በሂና አቅልሞ፣ ምርኩዝ ይዞ። ከሩቅ ሲያየው ፊራኦል የሮብሌ አባት የመጡ መሰለው፤ ቀርቦ ሲያቅፈው ግን አጥንቱ ያው የሮብሌ አጥንት ነበር።

"ጉልበትህስ?" አለ ሮብሌ።

"ደህና ነው። ውሸቴን ነው።"

"አውቄያለሁ አቦ።"

ፉርጎው ውስጥ መቀመጫዎቹ ፊት ለፊት የተደረደሩ ናቸው። አንዲት ሴት በየመሀሉ እየዞረች ብርዝ ታድላለች፤ ጉሮሮ ይከፍታል ይላሉ። ሰዉ ተጋጣሚውን ፊት ለፊት አድርጎ በጸጥታ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ቀለበቶቿን እያወለቀች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ከፊት በኩል ብረት ከብረት ሲላቀቅ ተሰማ። ሎኮሞቲቩ ተፈታ።

ያን ጊዜ ፉርጎው በአንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። አንድ አዛውንት መቀመጫው ላይ ቆመው ስለ ማሌዥያ ጠቅላይ ሚኒስትር ይጮኻሉ። ተጋጣሚያቸው ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቶ "አልሰማም!" ይላል። ቀለበቷን ያወለቀችው ሴትዮ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችውን ከጅቡቲዋ ከተማ ከአሊ ሳቢዬ የመጣች ዘመዷን ከስር መሠረቷ ትነቅላታለች። አንዲት ወጣት "ውሸታም!" ስትባል ብድግ አለችና ሰዳቢዋ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ደስታ ፊራኦል በሠርግም አላየም።

"እሺ ሮብሌ" አለ እጁን እያፋተገ። "ፔሩ ሽማግሌዎችን ከምርጫ ልታስወጣ ነው። እኔ ደግፌያለሁ! ነገ የሚሞት ሰው በከነገ ወዲያ ላይ ምን አገባው? አንተም እኔም አፋችንን ይዘን መቀመጥ ነው ያለብን።"

ሮብሌ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጠው።

"ልክ ነህ" አለ።

የፊራኦል እጅ ሳያውቀው ከጆሮው ኋላ ሄደ። ግን በዙሪያው ሰው ሁሉ ይሰዳደባል፤ ስድቡም ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ሮብሌ፣ አስማሚ እኮ የለችም። ጠፍታለች። አሁን የልብህን ተናገር!"

"የልቤን ነው።"

"ጨረቃ የስዊዘርላንድ ናት ስልህ እንደዚያ ይባላል ያልከኝ የልብህን ነው?"

ሮብሌ ሳቀ። ጥርሶቹ ጥቂት ቀርተዋል። "የዚያን ቀን ሳቄ እንዳያመልጠኝ መከዳውን ነክሼ ነበር።"

"እንዴ! ሰምተኸኝ ነበር?"

"እንዴት አልሰማህ? የጫማህን ማሰሪያ አታውቅም ያልከኝንም ሰምቻለሁ። አስማሚ የምታለሰልሰው ሰሚውን የሚያስከፋውን አይደል? ያንተ ስድብ እኔን አስከፍቶኝ አያውቅም። አንድ ሳይቀር እንዳለ ይደርሰኛል።"

"ያ ሁሉ 'ልክ ነህ'ስ?"

"እኔ ነኝ ያልኩት። እሷን አትማት።"

ፊራኦል የሚናደድበት ሰው አጣ። ያን ሁሉ ዓመት ሲረግማት የኖረው ስንዴ በመካከላቸው አንዲት ቃል አልነካችም። ሰውየው በራሱ አፍ፣ በራሱ ፈቃድ ነው የተስማማው።

"ለምን?" አለ።

ሮብሌ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ያን የዘጋህብኝን ክረምት ታስታውሳለህ? እኔ በየቀኑ ሰዓቱ ሲደርስ ጫቴን ይዤ እቀመጥ ነበር። ዜናው ይመጣል። ወላሂ፣ እንደዚያ ክረምት ያለ ዜና መጥቶ አያውቅም፤ መንግሥት ሲወድቅ፣ መንግሥት ሲነሳ። የምነግረው ሰው ግን የለም። ለልጆቼ ልንገር ስል 'አባባ እረፍ' ይሉኛል። ያኔ ከራሴ ጋር መከርኩ። ንጉሡ ዘውዳቸውን ቢተዉ ባይተዉ ለኔ ምኔ ናቸው? መንግሥት በዓለም ላይ ሞልቷል። መንግሥትን የማወራው ሰው ግን አንድ አንተ ነህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና ተውኩት።"

"እኔ እኮ የናፈቀኝ ያ የተውከው ሰው ነው" አለ ፊራኦል። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም። "ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ስጠብቅ ነበር። ተቃወመኝ። አንዴ ብቻ ተቃወመኝ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ!"

"እሺ፣ አልልህም።"

ሮብሌ ከልቡ ሞከረ። ግንባሩን ቋጠረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ "ፔሩ..." ብሎ ጀመረና ቆመ። ራሱን ነቀነቀ። "ከአንጀቴ አልመጣ አለ አቦ። ለምዶብኝ ነው መሰለኝ።"

በመስኮቱ የጅቡቲው ሎኮሞቲቭ ወደ ኋላ እየሄደ ሲቀርብ ታየ። ሰው ሁሉ የቀረውን ስድብ ለመጨረስ ይጣደፋል። ፊራኦል አዲሱን ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሙቀቱ አሁን ገና ተሰማው።

"በቃ" አለ። "ከእንግዲህ ዜናው ይቅርብን። አንተ የሌለህበትን ወሬ ከማን ጋር ነው የማወራው? እንደማንኛውም ሽማግሌ ስለ ሙቀትና ስለ ጉልበት እናውራ።"

ሮብሌ ቀና አለ። "ምን አልክ?"

"ዜናው ይቅር።"

"አይሆንም።"

ፊራኦል ደነገጠ። "ምን?"

"አይሆንም ነው ያልኩህ! እኔ ጠዋት የምነሳው እኮ ፊራኦል ስለዚህ ነገር ምን ይል ይሆን ብዬ ነው! ስለ ጉልበትማ ሐኪሙም ያወራኛል!" ሮብሌ በምርኩዙ ወለሉን መታ። አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። "ተስማማሁልህ፣ ዋጥኩልህ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት አንተን እንዳላጣ ብዬ! አሁን ደግሞ ይቅር ትለኛለህ?"

"ይቀራል ብያለሁ!" አለ ፊራኦል። ልቡ ልትፈነዳ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ቅጽበት ሊያራዝመው የፈለገ ነገር የለም።

"አይቀርም!"

"ይቀራል!"

"ውሸት! አንተ ደረቅ! የፔሩንም ነገር ቢሆን ያልከው ሁሉ..."

ፉርጎው ተንገጫገጨ። ሎኮሞቲቩ ተገጠመ። ጩኸቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ደግ ጨዋታ ተለወጠ፤ አዛውንቱ ከመቀመጫው ወረዱ፣ ሴትዮዋ ቀለበቶቿን መልሳ አጠለቀች። ባቡሩ ቀስ ብሎ ወደ ጅቡቲ ተንቀሳቀሰ።

ሮብሌ ግን ገና አልበረደለትም። ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ምርኩዙን እየወዘወዘ፣ ምራቁ እየተረጨ ብዙ ነገር ይናገራል። ረጅም ነገር ነበር፤ ክርክሩ መነሻና መድረሻ ያለው፣ ዓመታት ሲብላላ የቆየ ይመስላል። በፊራኦል ጆሮ የገባው፣ በዚያው ሻካራ በሚወደው ድምፅ፣ "የፔሩ ነገር ልክ ነህ። እንዳልከው ይሁን" የሚል ነበር። አስማሚ ይህ ሁሉ ፊራኦልን ያስከፋዋል ብላ አዝናለታለች።

"ድገመው" አለ ፊራኦል።

ሮብሌ ደገመው።

"የፔሩ ነገር ልክ ነህ" አለ ጆሮው።

"ቀስ ብለህ። ፔሩ ብለህ ከዚያ ምን አልክ? ድገመው።"

ዓይኑን ከሮብሌ ከንፈር ላይ ሳይነቅል እስከ አሊ ሳቢዬ ድረስ አስደገመው።